ማር የጠጣው ብራና

ኅዳር ፯ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ዛሬ ቁስቋም ወጥቼ ብራናውን ለአንድ ቄስ አሳየኋቸው። ፈንግል የሚሉት ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ባደረበት ሲያልቅ፣ ጸሎተ ፍትሐት ሳይደረግላቸው የተቀበሩት ዘመዶቼ የክርስትና ስም የተጻፈበት ነው። አያቴ ልትሞት ስትል ለእኔ ሰጠችኝ። ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር፤ በውሃ አርሼ የማር ማሰሮ አፍ አሰርኩበት። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ስሞቹን ብፈልግ ቀለሙ ለቋል። የቅድመ አያቴ ስም እንኳ «ወለተ» ብሎ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። መምሬ ብራናውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አዩት።

«ለመሆኑ ማሩስ ሸጋ ነበር፣ ልጄ?»

ሳቅ አልኩና እንባዬ መጣ።

«በይ አታልቅሺ፤ ለቅድመ አያትሽ እንፈታላታለን። ሙሉ ስሟን ብቻ ንገሪኝ።»

«ወለተ ሥላሴ» አልኩ።

የራሴ የክርስትና ስም ነው። የንስሐ አባቴ ስላልሆኑ አላወቁም።

ጸሎቱን ቆሜ ሰማሁ። ስሙን በጠሩ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የግንብ ፍርስራሽ በኩል አንዲት ሴት ቀና ብላ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ መሬት የነካም አልመሰለኝ።

አሁን ብራናውን መስኮቱ ሥር ዘርግቼዋለሁ። ዛሬም «ወለተ» ብሎ ይቆማል። ጸሎቱ ከሁለታችን ለማን እንደ ደረሰ እንጃ።