የእህቴን ድምፅ ስላሻሻለልን አዲስ እትም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የድምፅ መቅረጫ ሶፍትዌር አምራች ድርጅት የደንበኞች እርካታ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቢሮዎ መስኮትም ፀሐይ የሚገባበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በየማለዳው ኮምፒውተሬን ስከፍት ከሚቀበለኝ ማሳሰቢያዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ስሜን ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ድርጅትዎ እስከ ዛሬ ሲጽፍልኝ «ውድ ደንበኛችን» እያለ ስለሆነ በዚሁ ብንቀጥል ይሻላል።

ለዚህ ደብዳቤ ያበቃኝ ሰሞኑን የደረሰኝ ግብዣዎ ነው። የምቀርጽበትን ፕሮግራም በአዲስ እትም እንድተካ፣ ካልተካሁ ግን አሁን ያለኝ እትም በቅርቡ ፈቃዱ እንደሚቋረጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸውልኛል። አንድን ሰው በአንድ ትንፋሽ መጋበዝና ማስፈራራት ቀላል ችሎታ አይደለም፤ አደንቃለሁ። «እሺ» ወይም «እንቢ» ከማለቴ በፊት ግን ያለፈው ማሻሻያ ለቤተሰባችን ያመጣውን በረከት መዘርዘር፣ ሌሎች ውድ ደንበኞችም እንዲያነቡት በግልጽ ማድረግ የጨዋነት ግዴታ መስሎ ታየኝ።

የምሠራው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ። ከታች የአየር መሙያው ሲያጓራ ሥራ አቆማለሁ፤ ዝም ሲል እቀጥላለሁ። የሳሙና ማስታወቂያ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የሕፃናት የፊደል ትምህርት እቀርጻለሁ፤ ልጆቼ የሚያድጉት በዚሁ ነው።

ታላቅ እህት አለችኝ። እታለም ነው የምላት። ዕድሜዋን በሆቴል ባንድ ውስጥ ስትዘፍን የኖረች፣ ሰው ሹካውን ሳያስቀምጥ የሰማት ዘፋኝ ናት። የራሴ የምትለው አንድም ሥራ አልነበራትም። ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ተገኝቶ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ግድ እንደሆነ፣ ድምፅዋ ግን ላይመለስ እንደሚችል በነገራት ቀን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ደረጃውን ወጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመችና «ክፈተው» አለችኝ። ምን ሆንሽ ብዬ ብጠይቃት «ጊዜ የለኝም፤ በኋላ ታዝንልኛለህ» አለች።

ሐኪሙ ቀጠሮ እስከ ሰጣት ቀን ድረስ ስትዘፍን ከረመች። እያንዳንዷን ስንኝ ደጋግማ ስላለቻት ለያንዳንዷ ስንኝ ብዙ ቅጂ ያዝን። ከዚያ ሆስፒታል ገባች። ዳነች፣ ተመስገን። ድምፅዋ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ፤ ዛሬ የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። ቁስሉ ሲሽር እንደገና እየመጣች፣ ማዳመጫውን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ከየቅጂው የምትፈልገውን ስትመርጥ ወራት ሄዱ። ጣቷን ታነሣለች፤ አቆማለሁ። «ይቺን» ትላለች፤ ምልክት አደርጋለሁ። ስለ እናታችን የምትዘፍነው አንድ ዘፈን ላይ ድምፅዋ ስብር የሚልበት ስንኝ አለ። ጥርት ያለ ሌላ ቅጂ ስለነበረን እሱን እንድንወስድ ብለምናት እንቢ አለች። «የጠራውን ማንም ይዘፍነዋል። እኔ ያለሁት እዚቺ ጋ ነው» አለችኝ። እሷ ያለችውን አደረግሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከቤተሰባችን ጋር የተዋወቁት በዚህ መካከል ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ያኔ የላኩልኝ ማሳሰቢያ ቤተሰቡን ስላወያየልን እናመሰግናለን። አዲሱን እትም ካልጫንኩ አሮጌው ይዘጋል፤ ከጫንኩ ደግሞ ወደ አሮጌው መመለስ የለም። በዚህ ተጨንቄ ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ብሄድ ከሥራው ቀና ሳይል «የሚሠራ ነገር አይነካም፤ ኢንተርኔቱን ነቅለህ ተቀመጥ» አለኝ። ኢንተርኔቱን ነቅዬ ብቀመጥ የሳሙናው ማስታወቂያ በምን ይሄዳል? የእህቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱ ደግሞ «ዘይቱ ያልተቀየረ ሞተር አንድ ቀን መንገድ ላይ ያስቀርሃል፤ አድሰው» አለ። ባለቤቴ ሁለቱንም ሰምታ ስታበቃ «እኔን ከጠየቅኸኝ መጀመሪያ ፊትህን አድሰው፤ ልጆቹ እየፈሩህ ነው» አለችኝ። ሦስቱም እውነታቸውን ስለነበረ የቱንም መስማት አልቻልኩም። ጠዋት ላድስ ብዬ እነሣለሁ፣ ማታ ልተወው ብዬ እተኛለሁ።

፪ኛ፤ ለጥያቄዬ ስለሰጡት ፈጣን መልስ። በአሮጌው እትም የሠራሁት ሥራ በአዲሱ ሲከፈት እንዳለ ይከፈታል ወይ ብዬ፣ ስለ እህቴም በአጭሩ አስረድቼ ለክፍልዎ ጽፌ ነበር። መልሱ «ውድ ደንበኛችን፤ ሥራዎችዎ ሁሉ ከበፊቱ በተሻለ ሁኔታ ይከፈታሉ» የሚል ነበር። ልብ ይበሉልኝ፤ እኔ «እንዳለ» ብዬ ጠየቅሁ፣ እርስዎ «በተሻለ» ብለው መለሱልኝ። በሁለቱ ቃላት መካከል ገደል እንዳለ በዚያን ጊዜ ማን ጠረጠረ።

መልስዎን ለእህቴ አነበብኩላት። አሁንም ሳመነታ ብታይ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና «እኔ ጉሮሮዬን ለቢላ ሰጥቼ ፈርሜያለሁ፤ አንተ አንድ ቁልፍ መጫን አቃተህ?» አለችኝ። የምትናገረው በሹክሹክታ ስለሆነ ሰው ሊከራከራት አይችልም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ ጥፋተኛ ይመስላል። ሥራውን ሁሉ ለጥንቃቄ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገልብጬ ቁልፉን ተጫንኩት።

፫ኛ፤ ስለ ውጤቱ። ፕሮግራሙ ታድሶ ሲያበቃ የእናታችንን ዘፈን ከፈትኩት። ውብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስንኝ ከስንኝ ተገጣጥሟል፣ ትንፋሽ የሚባል አይሰማም፣ ድምፁ እንደታጠበ ብርጭቆ ነው። እህቴ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀችና «ጎበዝ ናት» አለች። ማን ናት ብላት «እኔ እንጃ፤ የቀረጽካት አንተ» አለችኝ።

የሆነው ይህ ነው። አዲሱ እትምዎ ከየቅጂው እንከን የሌለውን ራሱ የሚመርጥ ብልህ መሣሪያ አለው፤ ሥራዬን ሲከፍት ማንንም ሳይጠይቅ እህቴ ወራት ተቀምጣ የመረጠችውን ጥሎ የራሱን መርጦ አስቀመጠ። የተሰበረችው ስንኝ ተጥላ የጠራችው ገባች። ስዘፍን አነቀኝ ብላ እንድትቆይ ያደረገቻት ትንፋሽ ተጠርጋ ወጣች። ቅጂዎቹ ሁሉ እንዳሉ አሉ፤ የትኛውን እንደመረጠች የሚያሳየው ምልክት ግን የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ቆጡንም ብብቱንም አንድ ድርጅት ሲያዘጋጅልኝ ያየሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በጥንቃቄ የገለበጥከውስ ለምን አልረዳህም ይሉኝ ይሆናል። ግልባጩን ሊከፍት የሚችለው አሮጌው እትም ነበር፤ አሮጌው ደግሞ አዲሱ በገባ ጊዜ ፈቃዱ ተነሥቷል። በአዲሱ ስከፍተው ግልባጩም ወዲያውኑ ይሻሻላል። ቁልፉ እርስዎ ጋ ያለ ሣጥን ይዤ ተቀምጫለሁ።

፬ኛ፤ መመሪያዎ ላይ የቀድሞ ሥራዬ በኢንተርኔት ላይ «ደመና» በሚባል ማከማቻ ተቀምጦ እንደሚገኝ ተጽፏል። ፈልጌ አላገኘሁትም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት እንዲህ በቴክኖሎጂ ታግዞ ሲመጣ በዕድሜዬ በማየቴ ግን ዕድለኛ ነኝ።

፭ኛ፤ ስልኩን ያነሣችልኝን ሠራተኛዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ድምፅዋ ደስ ይላል፣ ትዕግሥተኛ ናት፣ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሰምታ ስታበቃ «ጌታዬ፣ አዲሱ ምርጫ በጥራት ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?» አለችኝ። እህቴ እዚያ ስንኝ ላይ ድምፅዋ ይሰበር ነበር አልኳት። «አሁን አይሰበርም፣ ጌታዬ» አለች። አዎን፣ አሁን አይሰበርም አልኩ። «እንግዲያው ችግሩ ተፈትቷል ብዬ ልመዝግብልዎት?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምን ልበላት? ለሰው ልጅ ድምፅ መሰበር ይከራከራል ተብሎ የተዘጋጀ ሰው የለም። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ የተሰጣት ቅጽ ላይ «ተፈትቷል» እና «አልተፈታም» እንጂ «አይ ልጄ፣ እንዲህ ነው» የሚል ቦታ የለበትም። ከታች የአየር መሙያው ማጓራት ጀመረ። እህቴ ወንበሯ ላይ ሆና ታየኛለች። «እሺ፣ መዝግቢልኝ» አልኳት። አመስግናኝ ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ስለሆነው ተራ ቁጥር መስጠት አልሆነልኝም። እህቴ እንደ ድሮው እየመጣች ከመጀመሪያው መምረጥ ጀመርን። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መምረጥ የሚችል ይመስለኝ ነበር። ጣቷን ታነሣለች፣ አቆማለሁ፤ ከዚያ ራሷን ትነቀንቅና «እሷ አልነበረችም መሰለኝ» ትላለች፤ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ እንደገና ትሰማለች። የእናታችን ዘፈን ላይ ስንደርስ ድምፅዋ የሚሰበርባቸው ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። እያፈራረቅሁ አሰማኋት። ብዙ ካዳመጠች በኋላ «ይቺኛዋ ትሁን» አለች። እንደሚመስለኝ ያኔ የመረጠችው ሌላኛዋን ነበር። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ እርግጠኛ ብሆንም ለእሷ ስለራሷ ድምፅ ምን ብዬ ልነግራት እችላለሁ? ምልክት አደረግሁና ቀጠልን።

በኋላ መድከም ጀመረች። ማዳመጡ ራሷን ያዞራት ጀመር፤ መምጣቷንም አራራቀች። የቀሩትን ዘፈኖች ምን እናድርጋቸው ብላት «ማሽኑ እንደመረጠው ተዋቸው፤ ሰውም የሚወደው እንደዚያ ነው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ባሏ ያለቀውን የዘፈን ሥራዋን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ይዞን ሲሄድ ከፈተው። ሰውየው ሚስቱን ይወዳል፤ መሪውን በጣቱ እየመታ «ጥርት ያለ ነው እኮ፤ እንዲህ ትዘፍኚ ነበር?» አላት። እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ስለነበር ፊቷን አላየሁም።

እንግዲህ ወደ አዲሱ ግብዣዎ ልመለስ። ላድስ ወይስ አላድስ የሚለውን ከኮምፒውተር ጠጋኙም፣ ከእህቴ ባልም፣ ከባለቤቴም ጋር እንደገና መክሬበታለሁ፤ ሁሉም ያኔ ያሉትን ደግመው ነገሩኝ። የሳሙናው ድርጅት ደግሞ ከእንግዲህ ሥራ የሚቀበለው በአዲሱ እትም የተሠራ ከሆነ ብቻ እንደሆነ ጽፎልኛል። ስለዚህ አድሳለሁ። እርስዎም ያውቁት ነበር፤ እኔም ደብዳቤውን ስጀምር አውቀው ነበር። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሻሻያው ሰው የመረጠውን ሊነካ ሲል፣ እንደ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ልግባ ወይ?» ቢል። ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነም ግድ የለም፤ የለመድነው ነው።

የጊዜዎን ውድነት ጠንቅቄ እያወቅሁ፣ ይህን ሁሉ ላነበቡበት ትዕግሥት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ክፍልዎ ከእርካታ ወደ እርካታ እንዲሸጋገር እየተመኘሁ፣

ቢያሻሽሉትም ባያሻሽሉትም የእርስዎው የሆነ፣
ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለው ውድ ደንበኛዎ።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእህቴ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ አንድ ፊደል አላረመችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና አንድ ጥያቄ እንድጨምርላት ለመነችኝ፤ መልሱን ከሠራተኞችዎ ሳይሆን ከራስዎ ብትሰማ ደስ ይላታል። «እኚህ ኃላፊ፣ ሰው ሲዘፍን ሰምተው ያውቃሉ?»