ለመንገድ መዝጊያ የሄደው ሱንት

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2011

ሚስቴ እንጨቴን ለመንገድ መዝጊያ ሰጠችብኝ። ዘጠኝ ቁራጭ ሱንት፣ እዚህ አገር ሱንት የሚሉት ጠንካራ የግራር እንጨት። ስድስት ዓመት በጥላ ያደረቅኩት፣ ጫፍ ጫፉን ሰም የቀባሁት፣ በየጊዜው ያገላበጥኩት። የእጅ መላጊያ፣ ሳንቃ ማለስለሻውን፣ ልሠራባቸው ነበር። መላጊያ ከእርጥብ እንጨት አይሠራም። ቢሠራም በዓመቱ ይጣመማል፣ ምላጩም አይቀመጥለትም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። "ወታደር እንዳይገባ መንገድ የሚዘጉት የሰፈር ልጆች ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው" አለች ለምለም፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ቀና እንኳ አላለችም።

ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም ብላት፣ "ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ" አለች።

እላለሁ! ሰው የሚጠየቀው እኮ እምቢ እንዲልም ነው።

ማክሰኞ

ሄድኩ። መዝጊያው የሰፈራችን መግቢያ ላይ ነው። ጡብ፣ ጎማ፣ የወደቀ ምሰሶ። እንጨቴ ከሥር። አለቃቸው ሰልማ ናት፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የጎረቤታችን ልጅ።

"ያ ዐሚ፣ እንጨትህ አሁን የሰውራው ነው" አለችኝ። በዐረብኛ፣ አጎቴ፣ እንጨትህ የአብዮቱ ነው ማለቷ ነው።

ሰውራው ስድስት ዓመት ሲያገላብጠው አላየሁም አልኳት። ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው አላውቅም።

አንዱ ጎማ ሊያቃጥል ክብሪት አወጣ። እሳቱ እንጨቴን እንዳይነካ እዚያው ጡብ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አልተነሣሁም። አላፊ አግዳሚው ሁለት ጣት እያሳየ "ያ በጠል!" ይለኛል፣ ጀግና። እንጨት እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። የሚሰማ የለም።

ረቡዕ

ዛሬም ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አበጠ። ለምለም በትልቁ ድስት ፉል ይዛ መጣች፣ ለሁሉም። አላናገርኳትም። "ጨው አነሰው እንዴ?" አለችኝ። አንሶታል። አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ግን ተሳካልኝ። የዶሮ ቤቱን በር ነቅዬ አመጣሁላቸው። ሰልማ ዙሪያውን አየችው። "አንድ በር በሁለት እንጨት። ያላ፣ ውሰድ!" ሁለት ቁራጭ አወጣሁ። ሰባት ቀረ። ነገ አሮጌውን አልጋ አመጣለሁ። ለሦስት ይበቃል።

ሐሙስ

አልጋውን እየጎተትኩ ስደርስ ታትቸሮቹ መጡ፣ የወታደር ፒካፖቹ። ተኩስ። አንድ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ግድግዳ ሥር ጣለኝ። ሰልማ ነበረች።

የፊተኛው መኪና መዝጊያውን ልጣስ አለ። ጎማው ሱንቱ ላይ ወጣና ተሰቀለ። ወደ ኋላ አለ፣ ወደ ፊት አለ። ሱንት አይሰበርም። በዚያ መሃል ልጆቹ በየበሩ ገቡ። እኔንም እየገፉ አንድ ግቢ አስገቡኝ። "አልጋዬ!" ስል ሰልማ አፌን በእጇ ያዘችው።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ወታደሮቹ እንጨቱን ከምረው ቤንዚን ደፉበት። ሰባቱም ነደደ። አልጋውም አብሮ።

ዓርብ

የተረፉትን ሁለቱን ፈተሽኩ። አንዱ ተሰንጥቋል፣ አይሆንም። አንዱ ደህና ነው። የምላጩን መኝታ በመሮ ከፈትኩ። ከመኪና ባሌስትራ የሞረድኩትን ምላጭ ከተትኩ። ምላጩን የሚያጠብቀው ሽብልቅ ሁለት ጊዜ ላላብኝ፣ በሦስተኛው ያዘ። ሳንቃ ላይ ገፋሁት። እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ፣ ሳይበጠስ ወጣ። መላጊያ ነው። አንድ። ዘጠኝ ይሆኑ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሰልማ እናት መጣች። ለምለምን አቅፋ አለቀሰች። መዝጊያው ላይ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፣ አሥራ አንዱም ቤታቸው ገብተዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ያ ሐጅ፣ እንጨትህ ባይኖር ኖሮ..." ብላ ጀመረች። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀች ሐጅ ነው የምትለኝ።

"እኔ አልሰጠሁም" አልኳት። "እሷ ናት የሰጠችው። እኔማ ላስመልስ ነበር የሄድኩት።"

ለምለም ቀና ብላ አየችኝ።

ሴትዮዋ እንደወጣች ለምለም ስለ እንጨቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። በእጄ ከለከልኳት። "ፉሉ ጨው አንሶት ነበር" አልኳት።

ይቅር አላልኩም፣ አልረሳሁምም። ብትጠይቀኝ ዛሬም እምቢ እላለሁ። ስለዚያ እንጨት ግን ከእንግዲህ ከአፌ አንድ ቃል አይወጣም። እዚህ ደብተር ላይም አልጽፍም።