«ይቀጥላል» የተባሉት ፀጉር አስተካካይ፣ ታላቅ ወንድማቸው እንደጻፈላቸው

ወንድሜን በሕይወት ሳሉ አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ እላለሁ። ከአናጺው አባታችንና ዳቦ ቤት ይሠሩ ከነበሩት እናታችን በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። እኔ በሦስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ሲደርስ እኔ ከምማርበት ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ትምህርት ብዙም አልሆነላቸውም፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅም።

በ1966 ዓ.ም. ከአንድ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሙያውን ለመዱ። በ1972 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ሁለት ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በዚያው ዓመት በጎረቤት ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ነገረ መለኮት ተምሬ ሰባኪ ሆንሁ።

ወንድሜ ጌታን የሚመሰክሩበት የራሳቸው መላ ነበራቸው። ደንበኛው እንደተቀመጠ ፎጣ አልብሰው የወንጌል ታሪክ ይጀምሩለታል። እመን ብለው ማንንም አይጨቀጭቁም። ፀጉሩ ተቆርጦ ሲያልቅ ግን ታሪኩንም ካለበት ይቆርጡታል። ሽባውን ሰው ጓደኞቹ በጣራው ቀዳዳ በገመድ ካንጠለጠሉት በኋላ፣ ፎጣውን አራግፈው «ይቀጥላል» ይላሉ። ሽባው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ደንበኛውም እንዲሁ። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከዚህ ነው። ፀጉሩ ሳያድግ በሳምንቱ የሚመለሰው ብዙ ነበር። ራሳቸው ላይ ፀጉር የሚባል ነገር የሌላቸው የአውቶቡስ ሹፌር እንኳ በየቅዳሜው እየመጡ ዳር ዳሩን አስተካክልልኝ ይሉ ነበር። እኚህ ሹፌር ከነቤተሰባቸው አምነው ተጠመቁ። እኔ በአውቶቡሳቸው እየተሳፈርሁ አራት ዓመት ብሰብካቸው ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

እውነቱን ልናገር፤ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ሰው ሊጠመቅ በመጣ ቁጥር መልሱን እያወቅሁ ማን መሰከረልህ ብዬ እጠይቅ ነበር። አንድ እሁድ እኔም ስብከቴን ከመሃል አቋርጬ «ይቀጥላል» ብዬ ከመድረክ ወረድሁ። ምእመናኑ ራሴን ያዞረኝ መስሏቸው ውሃ ይዘው ተሯሯጡ። በሳምንቱም እንዳርፍ አስበው ሌላ ሰባኪ ጋብዘው ጠበቁኝ። ወንድሜ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሱቃቸውን አልረገጥሁም። ፀጉሬን የምቆረጠው ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ አስተካካይ ዘንድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ባለቤታቸው ልከው አስጠሩኝና፣ «ፀጉሬን ከወንድሜ በቀር ማንም አይነካውም» ብለው አስቸገሩን አሉኝ። እኔ መቀስ ይዤ አላውቅም። እየፈራሁ ጀመርሁ፤ ከጆሯቸው በላይ ያለውን አይጥ የበላው አስመሰልሁት። ኋላ መቀሱን አስቀምጬ፣ «ቀንቼብህ ነው የጠፋሁት» አልኋቸው።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አሉኝ። «ያ ሰውዬ ማጅራትህን አጣሞ ሲሰድህ በመስኮት እያየሁ አዝንልህ ነበር። ታሪኮቹን እኮ የሰማሁት ከአንተ ነው። ልጆች ሳለን አልጋ ላይ ሆነን ስትነግረኝ፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይወስድሃል። አንተ ታንኮራፋለህ፤ እኔ ምን ሆነ ይሆን እያልሁ አድራለሁ።»

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ባሰብኝ። እኔ ተኝቼ ባለፍሁበት ነገር እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያነቁበት ኖሩ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየሄድሁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ወንድሜ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ታላቅ ወንድም ትተዋል። የደከሙለት ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ያጽና። ታናሼ ሆነው ሳለ ቀድመውኝ ፊቱን አይተዋል። በዚህም እቀናለሁ።