ዩሱፍን የላጨሁበት ምላጭ

ጥቅምት 6 ቀን 1982

ሰኞ። ሥራ ቀዝቅዟል። መምህር አሻግሬ ብቻ መጣ። ፀጉሩ ከሳሳ ቆይቷል፣ እሱ ግን አይቀርም። "ቀስ በል፣ ያለችኝን አትጨርስብኝ" ይለኛል። ሳቅን።

ከሰዓት ምላጮቹን ሳልኩ። መጀመሪያ ሻካራው ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎ አባቴ ከጉደር ወንዝ ያመጣት ጥቁሯ ላይ። እሷ ላይ እጅ አይጫንም። ምላጩን ጋደም አድርጎ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ወዲያ ወዲህ... ድምፁ ሲጠፋ ደርሷል ማለት ነው። ክንዴ ላይ ሞከርኩት። ፀጉሩ ሳይሰማኝ ረገፈ። አምቦ ውስጥ እንደኔ ምላጭ የሚስል የለም። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ብኮራ ማን ይሰማኛል?

ሲመሽ የቀበሌ ስብሰባ። ለብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር አለ ተባለ። እኔስ ዕድሜዬ አልፏል። የእህቴ ልጆች ግን አሉ።

ጥቅምት 8

እትዬ ከሪማ በገበያ ሰዓት ሱቋን ዘግታ መጣች። እህቴ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ትልቁን ልጇን ዩሱፍን ይዛለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ግን ቀጭን፣ አጭር፣ ድምፁም የልጅ። ጢሙ ብቻ ነው የሚያጋልጠው።

"ታናሹ ፈዲሉ ለውትድርና እንኳ ገና ነው። ይሄን ግን ልጅ አድርግልኝ" አለች።

"እንዴት አድርጌ?"

"አንተ አይደለህ ምላጭ አዋቂው? ወላሂ ደሊሌ፣ አንድ ጭረት እንዳይታይበት። ጭረት ካዩ ተላጭቷል ይላሉ።"

እውነቷን ነው። በደነዘ ምላጭ የተላጨ አገጭ ይቆጣል፣ ሽፍ ይላል። ለነገ ና አልኩት። ጥቁሯ ድንጋይ ላይ አጎንብሼ ዋልኩ። እንዲህ ስዬ አላውቅም።

ጥቅምት 9

ላጨሁት። አገጩን፣ ከከንፈሩ በላይ፣ ጉንጩን እስከ ጆሮው ድረስ። አንዲት ጠብታ ደም የለም። እጄን ባሳልፍበት እንቁላል። እትዬ ከሪማ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ዩሱፍ መስታወት አይቶ አፈረ።

ኮራሁ። ፈራሁም። ቢታወቅብኝስ? ግዳጅ አሰናከለ ተብሎ የታሰረ ሰው አውቃለሁ።

ጥቅምት 12

ዩሱፍን በየማታው እላጨዋለሁ። መኪና ባለፈ ቁጥር ብሩሹ ከእጄ ይወድቃል።

ጥቅምት 16

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ... ደረሰ።

በጠዋት ወታደሮች ሰፈሩን ከበቡት። ወንድ የተባለ ሁሉ ኳስ ሜዳ ውጣ ተባለ። እኔም ወጣሁ። ሴቶቹን ከአጥሩ ውጭ አስቀሯቸው። መቶ አለቃው ከሌላ አገር የመጣ ነው። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ያዞራል። ዩሱፍ ጋ ደረሰ። አገጩን አየና አለፈ። አለፈ ብዬ አልሐምዱሊላህ ልል ስል... ተመለሰ። ጉንጩን በጣቱ ጀርባ ነካው።

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሥራ ስድስት።"

"የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጉንጩ ላይ እንደ ጫጩት ስስ ፀጉር አለው። ያንተ የት ሄደ?"

ዩሱፍ አገጩን በእጁ ሸፈነ።

"ማን ላጨህ? ጎበዝ ሰው ነው።"

ዩሱፍ አየኝ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ "ራሴ ነኝ" አለ። መኪናው ላይ አወጡት።

ጥቅምት 17

አገጩን ብቻ ላጭቼ ጉንጩን ብተወው ኖሮስ? ያን ስስ ፀጉር ማን ላጭ አለኝ? ማንም። ምላጬ ስለሚችል ነው የላጨሁት።

ጥቅምት 20

ልጁን መርምረው ስሜን ቢያወጣስ? የቀበሌው ጥበቃ ኦቦ ጂራ መንገድ ላይ ሰላም አለኝ። አስተያየቱ እንደ ሌላ ቀኑ ነው? አይመስለኝም...

እትዬ ከሪማ መጣች። ዓይኗ አብጧል። "ያንተ እጅ አልበደለም። ሰው ጠቁሞበት ነው" አለችኝ። ከአጥሩ ውጭ ስለነበረች የመቶ አለቃውን ንግግር አልሰማችም። እኔም አልነገርኳት። ጭራሽ እኔን አጽናንታኝ ሄደች። ምን ዓይነት ወንድም ነኝ?

ኅዳር 2

ኮታው አልሞላም እየተባለ ነው። እንቁ የምትባለው የእህቴ ጎረቤት ልጇን ፈዬራን ይዛ መጣች። ከእትዬ ከሪማ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት።

"አካም ቡልቴ ደሊል? ይሄንንም እንደ ዩሱፍ አድርገህ ላጭልኝ። ዩሱፍ እንደሁ ጠቋሚ ነው የበላው።"

ፈዬራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በመስኮቱ ብርሃን ጉንጩ ላይ ያ ስስ ፀጉር ይታያል። ለእናቱ ብናገር ዛሬውኑ እህቴ ጆሮ ይደርሳል። ዝም ብልስ?

"ጉንጩን አልነካም" አልኳት።

"ለምን?"

ነገርኳት። ሁሉንም። የልጇን ጉንጭ ዳስሳ "ከሪማ ታውቃለች?" አለች።

"አታውቅም።"

አገጩን ብቻ በምላጩ ጫፍ ላጨሁት።

ኅዳር 5

የእትዬ ከሪማ ሱቅ ከዚህ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ወደኔ ቀና አላለችም። ሰምታለች።

ኅዳር 11

ድንጋዩ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ እትዬ ከሪማ ገባች። ፈዲሉን ይዛ። ገና አሥራ ሰባት ነው፣ ሰሞኑን ግን ቁመት እያዩም ይወስዳሉ። ሰላምታ የለም። አፉ በይኝ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። ልጁን ራሷ አስቀመጠችው። ፎጣውንም ራሷ አሰረችለት።

"ጉንጩን ተውለት" አለች።

እስክጨርስ ድረስ ከጎኔ ቆማ ምላጩን ስትጠብቅ ነበር።