«ውሃው ወዴት ሄደ?»፦ የእትዬ ወዴት የሕይወት ታሪክ

እትዬ ወዴት ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በወንዙ ዳር ባለችው ፎቅ ቤት ተወለዱ። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ገና በአምስት ዓመታቸው ነው፤ እናታቸው የልብስ እጣቢ በደፉ ቁጥር «ወዴት ሄደ?» እያሉ በቦዩ ተከትለው ይሮጡ ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በምጣኔ ሀብት ተመረቁ። በሃያ ሦስት ዓመታቸውም በከተማው የጎርፍ መከላከያ ፈንድ ተቀጠሩ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሲያገቧቸው ፈተና ያለቀ መስሏቸው እንደነበር፣ ጥያቄው ግን ቤት ድረስ እንደተከተላቸው ሲናገሩ ሰምተናል።

መጀመሪያ ያጸደቁት ሥራ በእኛ በኩል ላሉት መጋዘኖች የተሠራው የድንጋይ ግንብ ነበር። ብዙ ንብረት ያለው እዚያ ስለሆነ ገንዘቡ ወደዚያ መሄዱ ለሁሉም ትክክል መሰለ። ክረምቱ ሲገባ ግን ግንቡ የመለሰው ውሃ ማዶ ያሉትን የተከራዮች ቤቶች አጥለቀለቀ። እትዬ ወዴት ማዶ ተሻግረው ጭቃውን ሲያዩ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ የሚያጸድቁትን ሥራ ሁሉ ውሃው በሚገባበት ቤት ውስጥ፣ በክረምት፣ ስብሰባ ካልተደረገበት አይፈርሙም ነበር። የፈንዱ ገንዘብ ሰጪዎችም ሱሪያቸውን ጠቅልለው መምጣት ለመዱ።

ፈንዱ እንደገና ገንዘብ ሲያገኝ ግንቡ እስከ እኛ መንገድ እንዲቀጥል ታቀደ። እሳቸው ግን ገንዘቡ የማዶ ቤቶችን ወለል ከፍ እንዲያደርግና በድልድዩ ሥር ያለውን ቦይ እንዲያሰፋ ወሰኑ። በዚሁ መንገድ ባለው የወላጆቻቸው ቤት ምድር ቤት የእናታቸውን የስፌት ሱቅ የወረሱት ታናሽ ወንድማቸው በንዴት ጦፉ።

«ለባዳ አዝነሽ በእኔ ላይ ውሃ ልትለቂብኝ ነው?»

«እኛ የምንወጣበት ፎቅ አለን፤ እነሱ የላቸውም። ደግሞ ግንቡን ባሠራልህ ውሃው ወዴት ይሄዳል? እሱን ንገረኝና እፈርማለሁ።»

ወንድማቸው አኮረፉ፤ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ይህ እትዬ ወዴትን በኋላ ከያዛቸው ሕመም በላይ አንገብግቧቸዋል።

ባለፈው ክረምት፣ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ፣ ውሃ ሱቁ ገባ። የማዶ ሰዎች በድልድዩ ተሻግረው የስፌት መኪናዎቹን ተሸክመው ፎቅ አወጡ። ወንድማቸውም ከነጭቃቸው የእኅታቸው አልጋ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ማዶስ?» አሉ እትዬ ወዴት።

«ጠብታ አልገባም፣ እትዬ።»

እትዬ ወዴት ሳቁ፤ የወንድማቸውንም እጅ ያዙ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ነርሷን ልጃቸውን፣ ሹፌሩን ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተውልናል። የእኛ መንገድ የጎርፍ መከላከያ ጉዳይ በሚቀጥለው ወር ማዶ በሚደረግ ስብሰባ ይታያል፤ ወንድማቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ እንዳላቸው ከወዲሁ አስታውቀዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ማረፊያ ይቀበልልን፤ የሚጠይቁትንም ሁሉ በትዕግሥት ይመልስላቸው።