ከማትታጠፍ ጣት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢያችን የጤና ጉዳይ ኃላፊ
ቢቸና፣ መጋቢት 1999 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ ደህና ናቸው? እኔ እፀገነት ፈረደ እባላለሁ፤ በቢቸና ገበያ ዳር የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ የዋለልኝን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥት ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰኔ የፋኖስ ብርጭቆ ሳጥብ እጄ ውስጥ ተሰብሮ ቀኝ መዳፌን ከአውራ ጣቴ እስከ ሌባ ጣቴ ሥር ቀደደው። ባለቤቴ ሰማው እጄን በነጠላዬ ጠምጥሞ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ፤ ነርሷም ቆዳዬን አሳምራ ሰፋችው። ሙያዬ ነውና ስፌቱን አልነቅፍም። ሁለቱ ጣቶቼ ግን አልታጠፍ አሉ፤ መቀስ መያዝ አቃተኝ። ነርሷ ጅማት ሳይቆረጥ እንዳልቀረ ሳትደብቅ ነገረችን፤ ጅማት የሚቀጥል ሐኪም የት እንደሚገኝ ከእርስዎ ቢሮ እንድንጠይቅም መከረችን። በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ መጣን፤ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ጸሐፊዎ ጣቶቼን አየት አድርጋ "ይለመዳል" አለችን።

ሁለተኛ፣ ነሐሴ ላይ በከተማው አዳራሽ የስፔሻሊስት ሕክምና በየደጃችን መድረሱን በሪፖርት ስላበሠሩን አመሰግናለሁ። በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ሰማው ተነሥቶ የእጅ ሐኪሙ በየትኛው ደጅ እንዳለ በትሕትና ጠየቀዎት። ጥያቄው ገንቢ መሆኑንና በቃለ ጉባኤ መያዙን ገለጹልን። በመያዙ ተደስተን መስከረምን ሙሉ ጠበቅን፤ የመስከረም ዩኒፎርምም በሌላ ሰው እጅ ተሰፋ።

በጥቅምት መጠበቁ ሲያቅተን ሞጣ ሄድን። እዚያ ያገኘነው ቀዶ ሐኪም ጨብጪ ብሎኝ እንዳልቻልሁ አየ። እሱ የሚሠራው ሆድና ወሊድ እንደሆነ፣ ሳያውቅ እጄን ቢነካ እንደሚበድለኝ ነግሮን፣ አዲስ አበባ ለምትገኝ የእጅ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈልን። የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩን ተሻግረን እስክንወጣ ድረስ ሰማው እጄን ከጭኑ ላይ አላወረደውም፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር እንደ እንቁላል ያቅፈው ነበር።

ሐኪሟ መቼ እንደተቆረጥሁ ጠየቀችኝ። ሰኔ ስላት ብዕሯን አስቀመጠች።

"በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትመጪልኝ ኖሮ ቀላል ሥራ ነበር" አለች።

"እኛ እኮ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ስንጠይቅ ነበር" አላት ሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከእጄ አንጓ ጅማት ወስዳ ሠራችልኝ። አውራ ጣቴ ተመለሰች፤ ሌባ ጣቴ ግን ቀጥ እንዳለች ቀረች። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በቢሮዎ በኩል ሳልፍ ወደ እርስዎ ብትጠቁም ድፍረት አይደለም፤ መታጠፍ ስለማትችል ነው። አሁን ጨርቁን የሚቆርጠው ሰማው ነው። መጀመሪያ የቆረጣት ሱሪ አንድ እግሯ አጥሮ ሲወጣ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ እሱም ሳቄን ሲሰማ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ሹመት አመሰግናለሁ። በታኅሣሥ ፋንታ የሚባል የደብረ ወርቅ ገበሬ ማጭድ የቆረጠውን እጁን ጠምጥሞ ሱቄ መጣ፤ ሰዎች ልብስ ሰፊዋን ጠይቅ ብለውት ነው። የሐኪሟን አድራሻ ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ተሠራለት፤ ዛሬ እርፍ ይጨብጣል። የቢሮዎን ሥራ በስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ የምሠራው እንዲህ ነው። ሐኪም ማምጣቱ ቢከብድዎ፣ እጁ የተቆረጠ ሰው የት፣ በስንት ቀን ውስጥ መድረስ እንዳለበት የምትናገር አንዲት ወረቀት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያስለጥፉልን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁ፣ በግራ እጄ የፈረምሁ፣
አክባሪዎ እፀገነት ፈረደ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ጣትዎን ቢይዝዎ በዚያችው መኪና ዕለቱን ዓባይን ተሻግረው ሐኪም ዘንድ እንደደረሱ ሰማሁ። እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ። መኪናዋ መንገዱን አንዴ ስለለመደች፣ ቀጣዩ የተቆረጠ እጅ ሲመጣ ሾፌሩን ብቻ ቢያዙልን ይበቃናል።