ክንፍ ያለው ቀለህ የለም

ጥር 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም የመስታወት ስብርባሪ መጥረግ። ሦስተኛ ቀን። የላይብረሪው መጻሕፍት በጦርነቱ ማገዶ ሆነዋል። ደወላችንም የለም፤ ያ ድሮ ከወይራው ላይ የተሰቀለው የመድፍ ቀለህ። ሰኞ ት/ቤቱ ይከፈታል ተብሏል። ያለ ደወል? ዘበኛችን አያ ሰይድ ዘመድ ሊጠይቅ ውጫሌ ይሄዳል። ሌላ ቀለህ ፈልግ አልኩት፤ በየማሳው ወድቋል ይባላል። ሳቀብኝ። ከፈለግህ መድፉንም አመጣልሃለሁ አለ።

ጥር 5፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ ጽሑፌን ቻለው።
ከስብሰባ ስወጣ አያ ሰይድ ወንበር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ከወይራው ላይ በሽቦ ያስራል። ወላጆች ከብበውታል። ክንፍ አለው። አፍንጫው ላይ ማፈንጃው አለ። የሞርታር ቅምቡላ። ያልፈነዳ! ሊሞክረው መምቻ ብረት ይዟል።
ጮህኩ። በሰው ሁሉ ፊት ደንቆሮ አልኩት።
"እንዴ መምህር! ተተኩሷል እኮ። የተተኮሰ ምን ቀረው?"
ከውጫሌ እስከዚህ ሐይቅ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያመጣው። ተሳፋሪው ክብደቱን ሊያይ ተቀባብሎታል።
ሰዉን ሁሉ አስወጣን፤ ግቢው ባዶ ነው። በሩን ሚሊሻ ይጠብቃል።

ጥር 6፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት
ወታደሮች መጥተው ቅምቡላውን ወሰዱት። ሰው አርቀው ሜዳ ላይ አፈነዱት። የሐይቁ ወፎች በሙሉ ተነሱ።
ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ። ቀለህ ማለት ጥይቱ ሲወጣ የሚቀረው ባዶ ቤት ነው። ቅምቡላ ማለት በርሮ ሄዶ ሲወድቅ የሚፈነዳው ራሱ ነው። ክንፍ ያለው የሞርታር ቅምቡላ ደግሞ ጭራሽ ቀለህ የለውም። ይህን ያወቅሁት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ በብሔራዊ ውትድርና ሞርታር ተሸክሜ ነው።
ዘሀራ አነበበችው። ከሪያድ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ ልጇ አራተኛ ክፍል ናት። "ጋሼ፣ ልጅ ይሄን አንብቦ እስኪጨርስ እግሩ ተቆርጦ ይሄዳል" አለች። ተቆጣሁ። አልፈራችም። "አያ ሰይድን ሲልኩት ይሄን ነግረውታል?"
አልነገርኩትም። ሠላሳ ዓመት በተማሪ ደብተር ላይ "አብራራ" እያልኩ በቀይ የጻፍኩ ሰው! የላክሁት እኔ። ደንቆሮው ማን ነው?
አያ ሰይድ ከትናንት ወዲህ አልመጣም። ከጁምዓ ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ጠበቅሁት። በሌላው በር ሄደ።

ጥር 8፣ እሑድ
ቤቱ ሄድኩ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ሞቱስ የአላህ ነው፣ ያመመኝ ስድቡ ነው አለ። ልክ ነው። ከዚያ በድንገት ሳቅ ያዘው። "ወላሂ መምህር፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨን እሹሩሩ ስለው ነበር!" እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።
ለልጆቹ አንተ ንገራቸው አልኩት። እሺ አለ፤ እያቋረጥኩ እንዳላርመው ቃል አስገብቶኝ።
ማስታወቂያውን ዘሀራ በአንድ መስመር ጻፈችው፦ "ወድቆ የተገኘ ብረት ባዶ አይደለም፤ አትንኩ፣ ሰው ጥሩ።" ከኔ ይሻላል። መናገሩ ይመረኛል፣ ግን ይሻላል።

ጥር 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ወይራው ላይ የመኪና ቸርኬ ተሰቅሏል። ልጆቹ ይመጣሉ፤ ካሰብኩት በላይ። እዚህ መስኮቱ ሥር ሆኜ አያለሁ። አያ ሰይድ መሃላቸው ቆሞ የሚኒባሱን ነገር ያወራል። ጸጥ ብለዋል። እኔ ሳስተምር እንዲህ ጸጥ ብለው አያውቁም። ሞርታሩን መድፍ አለው። ምላሴን ነከስኩ። የዘሀራ ልጅ፣ ብናገኝስ አለች። እጅ ወደ ኋላ፣ እግር በመጣበት አላት።
ቅምቡላውን ካገኘበት ማሳ አጠገብም ት/ቤት አለ። ወሰንኩ። ጥምቀት ሲያልፍ ከወታደሮቹ ጋር አብረን ውጫሌ እንወጣለን። እሱ ይናገራል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ…
ቸርኬው ደወለ። ልሂድ፣ ክፍል አለኝ